ሐረር ሜዳ፣ ከሞላሌ ሲታይ

አክስቴ ቤት ምሰሶው ላይ አንድ ጆንያ ተንጠልጥሏል። እህል አይቀመጥበትም። ውስጡ ያለው የበግ ጠጉር ነው፤ ተነድፎና ተፈትሎ በርኖስ ለመሆን ተራውን ይጠብቃል። ጎኑ ላይ በሰማያዊ የተጻፈው የባዕድ ፊደል ከጭስ ብዛት ጠቁሮ ሁለት ሦስት ምልክት ብቻ ቀርቶታል። ልጅ ሳለሁ ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። "ከሰማይ ነዋ" አለችኝ። ትላልቆች ልጅን ዝም ለማሰኘት የሚሉት ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

ቀልድ አልነበረም። አክስቴ ወደ ሞላሌ ከመምጣቷ በፊት ትዳሯ በግሼ፣ በራቤል በኩል ነበር። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያገኛት እዚያ ነው። ወደ ጆንያው እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰማዩን።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ናት፤ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ውርጭ። ዛፍ ብዙ ስለሌለ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ የአውሮፕላን ድምፅም ከሩቅ ይሰማል። እርፍ የያዘ ሰው ድምፁን ሲሰማ በሬዎቹን አቁሞ ቀና ይላል። የሚያየው ሆዱን ነው። የአውሮፕላንን አፍንጫና የክንፉን ጀርባ የሚያየው የሜዳ ሰው፣ የመነሻው ሰው ነው። የመንዝ ሰው አውሮፕላንን የሚያውቀው በሆዱ ነው፤ ከዚያ ሆድ ምን እንደሚወርድ ደግሞ በየዘመኑ ለየብቻው ተምሮታል።

ስለ ኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚነገረው ታሪክ አብዛኛው ከላይ፣ ከአብራሪው ወንበር የታየ ነው። ጀግንነቱ አለ፤ አልክድም። እኔን ግን ለብዙ ዓመት የከነከነኝ ሌላ ነው፦ እነዚያ ሆዶች ከየት ነው የሚነሱት?

መልሱ ሩቅ አይደለም። ከሞላሌ ወደ ቢሾፍቱ ቀጥታ በአየር ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአውቶቡስ ግን በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ዞሮ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 47 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱና ኩሪፍቱ ሐይቆች እንደ ስኒ በምድሩ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሐይቆቹ ባሻገር ያለው ሜዳ ሐረር ሜዳ ይባላል፤ የአየር ኃይሉ ዋና ምድብ እዚያ ነው። ቦታው የተመረጠው ለውበቱ አይመስለኝም። ሜዳ ነው፣ ለዋና ከተማው ቅርብ ነው፣ የጅቡቲው ባቡር መስመር በአጠገቡ ያልፋል። ከሁሉ በላይ ግን ከአዲስ አበባ ይልቅ ዝቅ ይላል።

ይህን ያስረዱኝ አንድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው። "ጋሼ፣ ከፍታው ምን ያደርጋል?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ እናንተ መንዞች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባችሁ ብለው ሳቁብኝ። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥርህ አየሩ ስለሳሳ ነው፤ አውሮፕላንም እንደዚያው ነው አሉኝ። ክንፉን የሚሸከመው አየር ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው እሱኑ ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐረር ሜዳ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሞላሌው ደግሞ ሩብ ያህል። አየሩ በሳሳ ቁጥር አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ መሮጥ አለበት፤ መንደርደሪያው መርዘም፣ ጭነቱም መቀነስ ይኖርበታል። ቀትር ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የኢትዮጵያ አብራሪ ሌላው ዓለም ለጥንቃቄ የሚያሰላውን ስሌት በየጠዋቱ እንደ ቁርስ ይበላዋል።

ቡናው እስኪደርስ ጋሼ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ አነሱ። ከወንበሩ ሁለት ቡሎን መሃል አሳልፈው በጣታቸው ይጠመዝዙት ጀመር፤ እኩል፣ ጥብቅ፣ እንደ ሹሩባ። አንደኛው ቡሎን ሊላላ ቢል ሽቦው ሌላውን ያጠብቀዋል። ሴፍቲ ዋየር ይሉታል። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ቡሎን ራሱን እንዳይፈታ የሚያስረው ይኸው ነው። ለጋሼ የአገሪቱ ታሪክ በመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ ነው ያለው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ከስዊድኖች ሲማሩ መፍቻው በሚሊ ሜትር ነበር። አሜሪካኖች ሲመጡ በኢንች ሆነ። ሩሲያዎች ሲመጡ ተመልሶ ሚሊ ሜትር። አውሮፕላኑ ሲቀየር ማኑዋሉ ይቀየራል፣ ቋንቋው ይቀየራል፣ የቡሎኑ ራስ ይቀየራል። ሜዳው ግን ያው ሜዳ ነው። ከሰማሁት ትንተና ሁሉ ይህን የበለጠ አምነዋለሁ።

ታሪኩ ከስዊድኖቹ በፊት ይጀምራል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አሳረፈ። ንጉሥ ተፈሪ ያስመጡት ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1922፣ ያው ፈረንሳዊ በአንቺም ጦርነት ላይ ከራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት በላይ በረረ፤ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ቦምብ ጣለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኢትዮጵያ አውሮፕላን ባገኘች በወራት ውስጥ የመጀመሪያው ቦምብ የወደቀው በኢትዮጵያውያን ላይ ነው። ይህ እውነት በሐረር ሜዳ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመለሳል።

በዚያው 1922 እና 23 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በአቃቂ "ፀሐይ" የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ ጣሊያን ወስዷት በሙዚየም ተቀምጣ ኖራ በጥር 2016 ተመልሳ አገሯ ገባች። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በ1928 ጦርነት በጣት የሚቆጠሩትን ያልታጠቁ አውሮፕላኖች ይመራ ነበር። በዚያው ጦርነት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለ ስዊድናዊ ወጣት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልሳል። ይህን ስም ያዙልኝ።

ለመንዝ ግን የዚያ ዘመን አውሮፕላን የጣሊያን ነው። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ ደጋና ቆላ ሲዋጉ አርበኛው ቀን ተደብቆ ሌሊት ይጓዝ የነበረው ስለ አውሮፕላን ነው። ትላልቆቻችን ቀን ጭስ ማጨስ የተከለከለበት ጊዜ ነበር ይሉ ነበር። የሚያዝያ 1931ዱ የዘረት ዋሻ ነገር ከሁሉ ይከፋል። የአርበኛው ቤተሰብና ቁስለኛው በሰሜን ሸዋ ገደል ውስጥ ባለው ዋሻ፣ ሰዉ አመፀኛ ዋሻ በሚለው፣ ተጠልሎ ሳለ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት። ጋዙ ከአውሮፕላን ለመጣል ከተሠራ ቦምብ የተቀዳ ነበር፤ አውሮፕላን ዋሻ ውስጥ መግባት ስላልቻለ በገመድ አውርደው ከአፉ ላይ አፈነዱት። የሰማይ መሣሪያ በእግረኛ ተሸክሞ መጣ ማለት ነው። ወጥተው እጃቸውን የሰጡትን ብዙዎቹን ረሸኗቸው።

ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመለሰ። ጃንሆይ ከ1938 ጀምሮ አየር ኃይሉን እንደገና እንዲያቋቁሙ ስዊድኖችን ጠሩ፤ ማዕከሉ ቢሾፍቱ ሆነ። ጆን ሮቢንሰንም ከእሱ በፊት በ1936 ተመልሶ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ሁለቱ አልተስማሙም፤ ሁለቱም የራሳቸው ክብር ያላቸው ሰዎች ነበሩና አይገርምም። ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 በአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚሁ ነው። በታሪካችን ውስጥ ያገኘው ቦታ ከሚገባው ያነሰ ይመስለኛል።

ፎን ሮዘን በግንቦት 1939 ያደረገውን ስሰማ የመንዝ ፈረሰኛ ነገር ትዝ ይለኛል። ሳብ ሳፊር የምትባል ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነዳጅ ሞልቶ ከስቶክሆልም ተነሳ፤ ሳያርፍ 6,220 ኪሎ ሜትር በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ብቻውን ነበር። አንድ ሰው ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ያለ እንቅልፍ፣ አንዲት ሞተር እያዳመጠ። ከዚያ በኋላ ከ40 በላይ ሳብ 17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከስዊድን መጡ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር የስዊድን ቤተሰቦች ሰፈሩ። ካዴቶቹ በሳፊር ተምረው በሳብ ይጨርሱ ነበር። ከተማዋም ደብረ ዘይት ተብላ ስትሰየም ለአገሩ ሰው "ደብረ ዘይት" ማለት አየር ኃይል ማለት ሆነ። ስሟ ከተመለሰላት ሃያ ዓመት ቢያልፍም የድሮው ትውልድ ዛሬም ደብረ ዘይት ነው የሚለው።

አሜሪካኖቹን በአጭሩ ላሳልፋቸው። ግንቦት 1945 ላይ በተፈረመው የወታደራዊ ትብብር ውል ምክንያት ቲ-28፣ ቲ-33፣ ቀጥሎም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ-86 ሴበር ጄቶች ሐረር ሜዳ ገቡ። በ1954 አራት ሴበሮች ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ኮንጎ ዘመቱ። በ1958 ኤፍ-5 መጣ። በእነዚያ ዓመታት ሐረር ሜዳ በጥቁር አፍሪካ ተወዳዳሪ አልነበረውም። በታኅሣሥ 1953 ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር አየር ኃይሉ ከዙፋኑ ጎን ቆመ፤ ጄቶቹም በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ዝቅ ብለው በረሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ በየካቲት 1966 የዚያው ምድብ የበታች ሹማምንትና ባለሙያዎች ደሞዝ ይጨመርልን ብለው ሲነሱ ግን ዙፋኑን ካንገዳገዱት እንቅስቃሴዎች አንዱ ሆኑ። ጃንሆይን ያዳነውም የገፋውም አንድ ግቢ ነው።

በዚያው ዓመት ፎን ሮዘን ሦስተኛ ጊዜ መጣ። ስልሳ አምስተኛ ዓመቱ ላይ ነበር። በሚያስገርም ሁኔታ አሁን ቦምብ ጣይ አልያዘም። በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የምግብ ከረጢት አስሮ በረሃብ በተጎዱት፣ መኪና በማይደርስባቸው የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ዝቅ ብሎ ይጥል ነበር። ቦምብ የሚጣልበትን ስሌት ለእህል አዋለው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969፣ ጎዴ ሳለ በሶማሊያ በኩል በመጣ ጥቃት ተገደለ።

ከእሱ ሞት አሥር ቀን በኋላ የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ገባ። አሜሪካ የመሣሪያ እርዳታዋን አቋርጣለች፤ ሩሲያዎቹ ገና ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አልዞሩም። በእጅ የነበሩት ጥቂት ኤፍ-5ኢዎች ናቸው። ያም ሆኖ በ1969 ክረምት የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ያወረዱት እነሱ ናቸው። ከአብራሪዎቹ አንዱ፣ ኋላ ብርጋዴር ጀኔራል የሆኑት ለገሠ ተፈራ፣ የጠላት አውሮፕላኖችን ከጣሉ በኋላ ራሳቸው ተመትተው ተማረኩ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው ነው የተመለሱት። ጋሼ ስለዚያ ክረምት ሲያወሩ ስለ ውጊያው አያወሩም። ሌሊት ሌሊት በባትሪ ብርሃን ከተመታ አውሮፕላን ላይ ዕቃ ፈትቶ ወደሚበር አውሮፕላን ስለማዛወር ነው የሚያወሩት። መለዋወጫ ከአሜሪካ አይመጣም። የሚጎቹና የሚሊ ሜትር መፍቻዎቹ ሳጥን የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጆንያው።

በ1977 ዓ.ም. የሰሜን ሸዋ ደጋ ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፍቶበት ነበር። ግሼ ገደል ነው፤ መኪና የሚደርሰው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ሰዉ እርዳታ ወዳለበት መንገድ እየወጣ በየዳገቱ ይወድቃል። እንግሊዞች በሄርኩለስ፣ ምዕራብ ጀርመኖች በትራንስአል አውሮፕላን ራቤልን በመሳሰሉ ተራሮች ላይ እህል መጣል የጀመሩት በዚያ ክረምት ማግስት፣ በጥር ነው። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ሰው አውርደው ቦታውን ያዘጋጃሉ፤ ሕዝቡ ከመሬቱ እንዲርቅ ይደረጋል። ከዚያ ያ ግዙፍ አውሮፕላን ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሦስት አራት ጎጆ ቢደራረብ የሚሆነውን ከፍታ ማለት ነው። አፍንጫው በጥቂቱ ቀና ይላል፣ የኋላ በሩ ክፍት ነው፣ እህሉ በጣውላ ላይ እንደተደረደረ ተንሸራቶ ይወጣል። ዣንጥላ የለውም። ጆንያው በጆንያ ውስጥ ተደራርቦ የታሰረው ለዚህ ነው፤ የውስጡ ቢፈነዳ የውጪው እህሉን ይይዛል።

አክስቴ የነገረችኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሆዱን ሲያዩ ሮጡ። አማቷ የጣሊያንን ያስታውሱ ነበርና ልጆቹን ወደ ገደል ጥግ እየጎተቱ "ተኙ! ተኙ!" ሲሉ ነበር። ከዚያ መሬቱ ተናጠ። አቧራው ሲበተን ስንዴ ሆነ። ከፈነዱት ጆንያዎች የፈሰሰውን ሴቶች ከአፈሩ ጋር በወንፊት ሲነፉት ዋሉ። ያልፈነዱት በዝርዝር ተከፋፈሉ። ለአክስቴ የደረሳት ስንዴ ስንት እንደነበር አታስታውስም፤ ጆንያው ግን የውጪኛው እንደሆነ ታስታውሳለች። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ እሱንም ራሷ ጠቀመችው።

ያ የእርዳታ ሥራ የሐረር ሜዳ አልነበረም፤ እንግሊዞቹ የሚነሱት ከአዲስ አበባ፣ ከቦሌ ነው። በዚያው ጊዜ የሐረር ሜዳ ሚጎች በሰሜን በጦርነት ላይ ነበሩ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ሐውዜን ላይ በገበያ ቀን የወረደው ቦምብ የፈጀው ሰላማዊ ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ያማል። አንድ ሰማይ ለራቤል ስንዴ፣ ለሐውዜን እሳት አወረደ። የአንቺምን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

የቀረውን ብዙዎች ያውቁታል። ግንቦት 8 ቀን 1981 ጀኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጀኔራል አምሃ ደስታ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ የዚያኑ ዕለት ሞቱ። የቀድሞው አዛዥ ፋንታ በላይም ከዚያ አልተረፉም። ሁለት ዓመት ቆይቶ በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ አንዳንድ አብራሪዎች አውሮፕላናቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት አገር ወጡ፤ የቀሩት ብዙዎች ታሰሩ ወይም ተበተኑ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1990፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ መንግሥት ያንኑ የበተነውን ሙያ ፈለገው። ከእስርና ከጡረታ ተጠርተው ተመለሱ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ቀድሞ በሻዕቢያ እጅ ወድቀው ዓመታት ታስረው የወጡ አብራሪ ነበሩ፤ በዚያ ግንቦት አስመራ ላይ ተመትተው ሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ያሉበት ለሕዝብ አልተነገረም። ሱኾይ 27ዎቹ የመጡት በተከታዩ ዓመት ነው። ጋሼም ተጠርተው ነበር። መፍቻው አሁንም ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ አልተቸገርኩም ይላሉ፤ ጡረታቸው የተሰላበት መንገድ ግን ዛሬም ያናድዳቸዋል።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ሜዳው ላይ አዲስ ነገር አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሳተላይት ምስሎች ድሮኖችን ሐረር ሜዳ ላይ አሳዩ፤ የቱርክና የቻይና ሥሪት የሆኑ። አብራሪው መሬት ላይ ተቀምጦ በስክሪን ያበርራል። ጋሼን ስለነሱ ስጠይቃቸው ሽቦውን ጠምዝዘው ጨርሰው ትርፉን ቆረጡና፣ እኔ የማውቀው ሰው የሚቀመጥበትን ነው አሉኝ።

ወደ ሞላሌ ስመለስ አክስቴ ደጅ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ጆንያው ከምሰሶው ወርዶ አጠገቧ ነው፤ ጠጉሩን እያወጣች ትዘረዝረዋለች። የደረስኩበትን፣ ያየሁትን ነገርኳት። ስለ ድሮኑም ነገርኳት። ከፍ ብሎ ስለሚበር ብዙ ጊዜ ሆዱ እንኳን አይታይም፣ ድምፁም ከንብ አይበልጥም አልኳት።

እጇን አቆመች።

"ሰው የለበትም?"

"የለበትም፣ እትዬ።"

ሰማዩን ቀና ብላ አየች። ጥርት ያለ ነበር፤ አንድ ጭልፊት ብቻ ይዞራል። ከዚያ ጠጉሩን እንደገና ወደ ጆንያው መክተት ጀመረች፤ ገና ሳይነደፍ።